ሰገሌን በ300 ቃል

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን፣ ከጠባሴ ነው። ሥራዬ ሒሳብ ነው፤ ልብ ወለድ የምጽፈው ማታ ማታ ነው። በቅርቡ ለአንድ የአጭር አጭር ልብ ወለድ ውድድር ጽሑፍ ልኬ ነበር። ገደቡ 300 ቃል ነው። ታሪኩን ከአያቴ ነው የሰማሁት። የአያቴ እናት፣ የሸዋና የወሎ ጦር በተዋጋበት በሰገሌ ጦርነት ጊዜ፣ ሼኖ አካባቢ አዲስ ሙሽራ ነበረች። ባሏ ከሸዋ ጦር ጋር ዘምቷል። ጦርነቱ የተደረገ ዕለት ማታ አንድ የቆሰለ የወሎ ወታደር ግቢዋ ገባ። ወተት ሰጠችው። ሲነጋ ሰውዬው የለም። ባዶ ዝናሩን ትቶ ሄዷል። ዝናሩ አያቴ ልጅ ሳለች ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር።

ጽሑፌ አላለፈም። ዳኞቹ የላኩልኝ አስተያየት አንድ መስመር ናት፤ ‹ታሪኩ ልብ ወለዱን በላው› ትላለች። ጓደኛዬ ደግሞ ‹ጦርነቱን ከነጭራሹ አውጪው፣ ሰገሌን ማን ያውቀዋል› አለችኝ። ሰገሌ ከወጣ ግን ለእኔ ምንም የሚቀር አይመስለኝም። ሌላ ውድድር ሊዘጋ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ለማያውቅ አንባቢ ምን ያህል ላስረዳ? የጦር ሚኒስትሩን ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስን ጽሑፉ ውስጥ ባናግራቸውስ? ጽሑፉን አያይዤልዎታለሁ። የሰገሌ ልጅ ነኝ።»

እህቴ፣ ጽሑፍሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስተኛውን እርሳስ ይዤ ነው። ቅድመ አያትሽ ብቅ የምትለው 168ኛው ቃል ላይ ነው። ከዚያ በፊት ልጅ ኢያሱ ይሻራሉ፣ ንግሥት ዘውዲቱ ይነግሣሉ፣ የኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ይነሳሉ፣ ራስ ልዑል ሰገድ ቶራ መስክ ላይ ይወድቃሉ። በደንብ አንብበሽ ነው የጻፍሽው፣ ያስታውቃል። ቅድመ አያትሽ ግን ከመጣች በኋላም ፋታ አላገኘችም። ወተቱ የደረሰው ሁለት ቃል ነው፤ «ወተት ሰጠችው።»

እኔን ያመመኝ ይሄ ነው። ባሏ ይኑር ይሙት የማታውቅ ልጅ ናት። ግቢዋ የገባው ሰው በባሏ ወገን ላይ ሲተኩስ የዋለ ነው። አጥሩ ሥር ወድቆ አገኘችው። ጮኻ ጎረቤት መጥራት ትችል ነበር። ገብታ ወተት አመጣች። ከዚያች ቅጽበት ውጭ ያለው ሁሉ መጽሐፍ ላይ ይገኛል። እሷን የሚያውቃት ያንቺ ቤተሰብ ብቻ ነው።

ዳኛው «ታሪኩ ልብ ወለዱን በላው» ሲል ታሪክ አያስፈልግም ማለቱ አይመስለኝም። ጓደኛሽ ግን እንደዚያ ተረድታዋለች። ሰገሌን አታውጪ። ሰገሌ ከወጣ ለእንግዳ ወተት የሰጠች ደግ ሴት ትቀርልሻለች፤ እሷን ደግሞ በየቀኑ እናነባታለን።

የሚረዳሽ እዚሁ እጃችን ላይ ያለ ነገር ነው፣ ቅኔ። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናት። ባለቅኔው በሁለት ቤት ውስጥ ዳዊትን ያመጣል፣ ዮሴፍን ያመጣል፣ የሞተ ንጉሥ ያነሳል። ማን እንደሆኑ ግን አያስረዳም። ሰሙ በራሱ ቆሞ ይሄዳል፤ ወርቁን የሚያውቅ ያገኘዋል። አንቺ ግን ከባለቅኔው የሚከብድሽ ነገር አለ። የቅኔ ጉባኤ ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ታሪኩን ያውቃል። ያንቺ አንባቢ አያውቅም። ስለዚህ ሰምሽ ፍጹም ሙሉ መሆን አለበት። ሰሙ ለጠላት ወተት የሰጠች ሙሽራ ናት። ወርቁ ሰገሌ ነው። ሰገሌን ሰምቶ የማያውቅ የጅማ ልጅ ስለ ሙሽራዋ ጉሮሮው ሊደርቅ ይገባል። የሚያውቀው ደግሞ፣ የአንድ አገር ሰው እርስ በርሱ የተላለቀበት ቀን መሆኑን ስለሚያውቅ፣ ሌላ ተጨማሪ ነገር ይሰማዋል። ሁለቱም አንድ ጽሑፍ አንብበው ሁለት ነገር ይዘው ይሄዳሉ።

አሁን ወደ ወተቱ ልመልስሽ። ጽሑፍሽን ሳነብ አንድ ነገር ከነከነኝና ወረቀት አወጣሁ። ሰገሌ የተደረገው ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ነው። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ከተሻሩ ልክ በወሩ ማለት ነው። ቀኑ ምን ነበር? ባሕረ ሐሳብ፣ የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ ለሒሳብ ሰው ከባድ አይደለም፤ አብረን እንሥራው። 1909 ላይ 5500 ደምሪ፣ 7409 ይሆናል። እሱን ለ4 አካፍይው፣ 1852 ደርሶ 1 ይተርፋል። አንዱ ዘመነ ማቴዎስ መሆኑን ይነግርሻል። አሁን 7409ና 1852ን ደምሪ፣ 9261። ለ7 አካፍይ፤ 1323 ደርሶ ምንም አይተርፍም። ምንም ካልተረፈ መስከረም 1 ሰኞ ይውላል። ከዚያ ጥቅምት 1 ረቡዕ ነው። ጥቅምት 17 ደግሞ ዓርብ።

ዓርብ!

ቅድመ አያትሽ ክርስቲያን ከነበረች ያን ማታ ጾም ናት። ቤቱ ውስጥ ያለው ወተት ለማንም አይሰጥም፣ እስከ ቅዳሜ ተከድኖ ያድራል። ለሰውዬው ውሃ ብትሰጠው ማንም አይወቅሳትም ነበር። እሷ ግን ክዳኑን አነሳች። የቆሰለ ሰው ከጾም ነፃ መሆኑን አስባ ይሆን? ወይስ የወሎ ሰው ነውና ሙስሊም ሊሆን ይችላል ብላ? ወይስ ምንም አላሰበችም? ይሄንን አንቺም አትመልሺው። ለአንባቢው ተዪለት።

ታሪክ አጭር ልብ ወለድ ውስጥ ሲገባ እንዲህ ሆኖ ነው መግባት ያለበት። ሚካኤልና ኢያሱ 168 ቃል ወስደው ያልሠሩትን ዓርብ የምትል አንዲት ቃል ትሠራዋለች። ምክንያቱም ዓርብ የሴትዮዋ ነው። ዘውዱ የማን እንደሆነ የዚያን ማታ አታውቅም። ዓርብ መሆኑን ግን ታውቃለች። ገጸ ባሕርይሽ በእጇ የማትነካውን፣ በጆሮዋ የማትሰማውን፣ በልቧ የማትፈራውን ታሪክ 300 ቃል ውስጥ አታስገቢ። እኔ የምይዘው መመዘኛ ይሄው ነው።

እስቲ እንዲህ ሆኖ እዪው። ልክ ነው ብዬ አይደለም፣ እንድታወዳድሪው ነው፦

«ዓርብ ማታ ነው። ላሟን አልባ ወተቱን ከድናዋለች፤ እስከ ቅዳሜ የሚነካው የለም። ነጋሪቱ ዝም ካለ ቆይቷል። ማን እንዳሸነፈ የነገራት ሰው የለም። ውሻው ሲጮህ ባሏ መስሏት ሮጣ ወጣች። ሰውዬው አጥሩ ሥር ተቀምጧል። ዝናሩ የባሏን ይመስላል። አነጋገሩ ግን የባሏን አይመስልም። ውሃ ለመናት። ልትቀዳ ገባች። እንስራው አጠገብ ወተቱ አለ። ክዳኑን አነሳችው።»

ይሄ 50 ቃል እንኳ አይሞላም። ንጉሥ የለበትም፣ ዓመተ ምሕረት የለበትም። ጦርነት መኖሩ ግን አይጠፋም፤ ሁለት ወገን እንዳለ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ዝናር እንደታጠቁ ይታያል። ለዝናሩ፣ ለንጋቱ፣ ለባሏ መመለስ ወይም አለመመለስ 250 ቃል ተርፎሻል። ውሻውን እኔ ነኝ የፈጠርኩት። አያትሽ ሌላ ነገር ከነገረችሽ እሱን አስገቢ።

ታዲያ ሰገሌ መሆኑ በምን ይታወቅ? በርዕስሽ። «ሰገሌ፣ ጥቅምት 17» ብትዪው አበቃ። ብዙ ውድድሮች ርዕስን ከቃል ቁጥሩ ውስጥ አያስገቡም፤ ደንቡን አጣሪ። ርዕስ የማስረዳት ሸክም ሁሉ የሚወርድበት ቦታ ነው። የሚያውቅ ሰው ገና ርዕሱ ላይ ልቡ ይመታል። የማያውቅ ሰው የቦታ ስምና ቀን መሆኑን አይቶ ያልፋል፣ አይደናቀፍም። ሰሜን ሸዋ ለዚህ የታደለ አገር ነው። ልቼ ስትዪ ለሚያውቅ በ1870 ምኒልክ ለአፄ ዮሐንስ የገቡበት ነው፤ ለማያውቅ ቀዝቃዛ ሜዳ ነው። አንጎለላ፣ አንኮበር፣ ጣርማበር እንዲሁ ናቸው። የቦታ ስም አንድ ቃል ነው የሚፈጀው፤ የሰው ስም ግን ማዕረግ፣ ዘር፣ ወገን አስከትሎ ይመጣል። «የልጅ ኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል» ብቻውን አምስት ቃል በላብሽ። የኛ ቋንቋ ደግሞ እኮ ለዚህ ዓይነት ጽሑፍ የተባረከ ነው። «አላስጠጋቻቸውም» አንድ ቃል ነው፤ ማን ማንን ምን እንዳላደረገ ሁሉ እዚያው ውስጥ አለ። ግሥሽን ካመንሽው 300 ቃል ሰፊ ነው።

ስህተትም አግኝቼብሻለሁ። አንድ ቦታ «በ1916» ብለሻል። ከውጭ መጽሐፍ የቀዳሽው ነው፤ እዚያ 1916 ይላል፣ በኛ 1909 ነው። በኛ 1916 ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችበት ዓመት ነው፤ ሰገሌ ካለፈ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ታሪክ የሚያውቅ ዳኛ እዚህ ጋ ካነቀፈው ቀሪውን በጥርጣሬ ነው የሚያነበው። በረጅም ልብ ወለድ አንዲት ስህተት ትሸፈናለች። 300 ቃል ውስጥ መደበቂያ የላትም።

የቀን ስህተት ደግሞ ከዕቃ ስህተት ይሻላል። ለዓመታት የወጣቶች ጽሑፍ ሳነብ ያየኋቸውን ልንገርሽ። አንዱ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴን አንጎለላ ሲጽፍ ነፋሱ ባሕር ዛፉን ያወዛውዘዋል። ንጉሡ በ1840 ነው የሞቱት፤ ባሕር ዛፍ የመጣው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ዛሬ ደብረ ብርሃን ዙሪያውን ባሕር ዛፍ ስለሆነ ድሮም እንደዚያ ይመስለናል። በዚያው ጽሑፍ የንጉሡ ባለሟል ሚስት ለእንግዳ ቡና ትቆላለች። በዚያ ጊዜ በሸዋ ክርስቲያን ዘንድ ቡና የሙስሊም ልማድ ተደርጎ ነበር የሚታየው። ሌላዋ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በርበሬ አስቀንጥሳለች። ዘርዓ ያዕቆብ ያረፉት በ1460 ነው። በርበሬ አገሩ አሜሪካ ነው፤ ከዚያ ወደዚህኛው የዓለም ክፍል መሻገር የጀመረው ንጉሡ ካረፉ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት ንጉሥ ቀይ ወጥ አልቀመሱም ማለት ነው! ልጅቷ ይሄንን አውቃ ቢሆን ኖሮ በርበሬ የሌለበት ማዕድ ራሱ እንዴት ያለ ትዕይንት ይወጣው ነበር። ስለዚህ ሁልጊዜ የምመክረው፣ ከጽሑፍሽ ውስጥ የሚበላውን፣ የሚጠጣውን፣ የሚለበሰውን፣ የበቀለውን አውጥተሽ አንድ በአንድ «ያኔ ነበር ወይ?» ብለሽ ጠይቂ ነው። 300 ቃል ውስጥ ከአሥር አይበልጡም። አንድ ምሽት ይበቃሻል።

ስለ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ደግሞ ቁርጥ ያለ መልስ አለኝ፤ አታናግሪያቸው። እርግጥ ሰውዬው ልብ ወለድ የሚያምርባቸው ናቸው። ጦሩ ተሟልቶ እስኪሰበሰብ ንጉሥ ሚካኤልን በመልእክት አዘናጉ ሲባል ሰምተሽ ይሆናል። ግን አንደኛ፣ አንባቢው የራሱን ሀብተ ጊዮርጊስ ይዞ ነው የሚመጣው። ያንን ምስል ለማሸነፍ ብቻ 100 ቃል ይፈጅብሻል፤ የለሽም። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። ዛሬ ለታላላቅ ሰዎች በልብ ወለድ የተሰጠ ንግግር ተቆርጦ ይወጣና በፌስቡክና በቴሌግራም «እንዲህ ብለው ነበር» ተብሎ ይዞራል። ልጆች እንደ እውነት ይማሩታል። በአንቺ ብዕር እንዲህ ያለ ነገር እንዲጀመር አልፈልግም። ትልልቆቹ ሰዎች በሩቅ ይለፉ። አቧራቸው ይታይ፣ ነጋሪታቸው ይሰማ። ሙሽራዋ ከነሱ ያየችው ያንን ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ጽሑፍሽ ላይ አንድ ሌላ ያልወደድኩት አለ። «የጠላት ጦር» የሚለውን ሦስት ጊዜ ደጋግመሻል፤ ተራኪዋ አንቺ ሆነሽ። ሙሽራዋ ጠላት ብትለው ያምርባታል፣ ያኔ እንደዚያ ነበር። አንቺ ስትዪው ግን ደሴ የተቀመጠ አንባቢ ቅድመ አያቱ ሰገሌ ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። የዚያ ወታደር እናትም በር በሩን እያየች ነበር ያመሸችው። ለሁለቱም ወገን ልጅ እንደምትጽፊ እያሰብሽ ጻፊ። ዝናሩን ዝም ብለሽ ብታሳዪ ይበቃል።

ይሄን ካነሳሁ አይቀር፣ ለሚቀጥለው የሚሆንሽ። ብዙ ተወዳዳሪ ከባድ ታሪክ ከመረጠ ጽሑፉ አብሮ የሚከብድለት ይመስለዋል። በ1929 ግንቦት የጣሊያን ጦር የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ረሸነ፤ ዲያቆናቱን ወደናንተው ወደ ደብረ ብርሃን አቅራቢያ ወስዶ ገደለ። ስለዚህ የተጻፉ አጫጭር ልብ ወለዶች አንብቤያለሁ። አብዛኞቹ በተኩስ ይጀምራሉ፣ በደም ያልቃሉ፣ እኔም ምንም ሳይሰማኝ እዘጋቸዋለሁ። እንዲህ ማለት ያሳፍራል፤ ግን እውነት ነው። አንዱ ብቻ አልወጣልኝም። አንዲት እናት ልጇ ለበዓል ሲሄድ የምትሰጠውን ስንቅ ታዘጋጃለች፤ በሶውን ትለካለች፣ ትንሽ ታስባለች፣ «መመለሻውን» ብላ ትጨምርበታለች። አለቀ። ርዕሱ «ግንቦት 1929» ነበር። መሣሪያ የለበት፣ ጣሊያን የለበት። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

አንቺም አዲሱን ጽፈሽ ስትጨርሺ ሁለት ነገር ሞክሪበት። ርዕሱን ሸፍነሽ ሰገሌን ለማያውቅ ሰው አስነብቢው፤ ለሥራ ባልደረባሽ ወይም ለጎረቤት ልጅ። ከዚያ «ምን ተደረገ?» ብለሽ ጠይቂው። «አንዲት ሴት…» ብሎ ከጀመረ ደህና ነሽ። «ይሄ ጦርነት የቱ ነው?» ብሎ ከጀመረ ገና ነው፤ የሆነ ቦታ ላይ አስረጂው ብሎ የሚጮህ ቃል ትተሻል ማለት ነው። ከዚያ ርዕሱን ገልጠሽ ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ስጪ። እሱ ደግሞ ሲጨርስ ዝም ካለ ጥሩ ነው። ስህተት ለቅሞ ከመለሰልሽም አመስግኚው።

አሁን ግን ከመጻፍሽ በፊት አያትሽ ዘንድ ሂጂ። በስልክ አይሆንም፤ አጠገቧ ተቀመጪ። ወተቱ በምን ነበር ብለሽ ጠይቂያት፣ በቅል ነው በጮጮ? ሰውዬው ጠጥቶ ዕቃውን በእጇ ሰጣት ወይስ መሬት ላይ አኖረው? ዝናሩን ግድግዳ ላይ የሰቀለው ማን ነው፤ እሷ ናት ወይስ ባሏ ተመልሶ? ተመልሶ ከሆነ፣ ዝናሩ የማን እንደሆነ ነገረችው? ይሄን የመጨረሻውን ስትጠይቂያት ፊቷን ልብ ብለሽ እዪው። ያገኘሽውን ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።